ማንም ያላስታወሰው የክፍላችን ልጅ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ሳለ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። አላቋርጥ ሲለኝ እጄን በቀሚሴ አደራርቄ አነሳሁት። የማላውቀው ሰው አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገብቶኛል። ግሩፑ የእኛ ባች ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ግቢ፣ ኢኮኖሚክስ አብረን የተማርን ልጆች። ልጆች እላለሁ እንጂ ፎቷቸውን ሳየው ሁሉም አባቶቻቸውን መስለዋል። ያኔ አንድ ሱሪ ለሁለት የሚለብሱት ዛሬ ሆዳቸው ከከረባታቸው ቀድሞ ይታያል።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሳሙናው ውሃ ውስጥ እየሟሟ ቁጭ ብዬ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። ከአዲስ አበባ የመጣችው የዶርም ጓደኛዬ አለች። ከጅማ የመጣው፣ ክፍሉን ሁሉ ሲያስቅ የሚውለው ልጅ አለ። ከዚያ ግሩፑን ወደከፈተው ሰው ስመጣ ቆም አልኩ። በፎቶው ቦታ ያለው ፊት ሳይሆን አንድ ትልቅ ዛፍ ነው። ስሙ በየሰፈሩ ያለ ስም ነው። ሁሉም ግን «አለህ እንዴ!»፣ «የት ጠፍተህ ነው?»፣ «አንተ ባትኖር ማን ይሰበስበን ነበር!» ይሉታል። እኔ በዚያ ስም የማስታውሰው ሰው የለም።

ለዶርም ጓደኛዬ በግል ጻፍኩላት። ይህችን ልጅ ላስተዋውቃችሁ። ሙሉውን የግቢ ዘመን እሷ ከላይኛው አልጋ፣ እኔ ከታችኛው ተኝተን ነው ያሳለፍነው። ሠርጌ ላይ አጅባኛለች። ጦርነቱ ሲመጣ ስልክ ተዘጋ፤ ተዘግቶም ከረመ። ሲከፈት ያላሰብኩት ሰው ሁሉ ደወለ፤ የድሮ አለቃዬ፣ የሩቅ ዘመዶች፣ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ላይ የተዋወቅኳት ሴት ሳትቀር። እሷ ግን አልደወለችም። ብዙ ቆይታ በአንድ በዓል ላይ ለሁሉም ሰው የሚላከውን የአበባ ሥዕል ላከችልኝ። እኔም ያንኑ ዓይነት መለስኩላት። ስለዚህ የጻፍኩላት አጭርና ደረቅ ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ማን ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ያ ዝምተኛው ነዋ። ካንቺ ጋር ላይብረሪ ይቀመጥ የነበረው።»

«ከእኔ ጋር ማንም አይቀመጥም ነበር።»

«እንግዲያ የጅማው ያውቀዋል። ወንዶች ዶርም ነበር መሰለኝ።»

የጅማውን ጠየቅኩት። እየሳቀ በድምፅ መለሰልኝ፤ «እኔ እኮ ያንቺ ሰው መስሎኝ ነው! የመቐለ ልጅ ነው ብዬ ነው እንጂ እኔ በፊቱም አላውቀው።»

የዚያን ቀን ልብሱን ሳልጨርስ ቀረሁ። አንዱ በአንዱ እያሳበበ ማንም የማያውቀውን ሰው ሁላችንም ሰላም ብለነዋል።

ቆየት ብሎ ሰውዬው መጠየቅ ጀመረ። መቐለ የቀረው ማን ማን ነው? የት የት ሰፈር ነው የምትኖሩት? ግቢው አካባቢ ቤት ያለው አለ? ሌላ ከተማ ላለ ሰው ይህ ተራ ጨዋታ ነው። እኛ ዘንድ ግን «የት ነው የምትኖሪው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ በራችን መቆለፉን ነው የምናየው። በዚያ ላይ የክፍል ጓደኛ ነን እያሉ በቴሌግራም ሰው የሚያጭበረብሩ እንዳሉ በየቀኑ እንሰማለን። የመብራት ሠራተኛ ለሆነው ባለቤቴ አሳየሁት። እሱ ከጦርነቱ በፊት በር ሳይቆልፍ የሚተኛ ሰው ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እስከ መጨረሻው አነበበና «እንታይ ደልዩ?» አለ፤ ምን ፈልጎ ነው ማለቱ ነው። «እንዳትመልሺለት» ብሎ ስልኩን መለሰልኝ።

አልመለስኩም። ሰውዬው ግን በግል መጣ።

«ሰላም ነሽ? አሁንም በግራ እጅሽ ነው የምትጽፊው?»

ግራኝ መሆኔን የሚያውቁት አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ብቻ ናቸው። የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ ያውቃሉ፤ ቤተሰቤ ያውቃል። እሱ ከማን ሰማ? ልፈትነው አሰብኩ። «ሴቶች ዶርም በር ላይ የምትተኛው ውሻ ምን ዓይነት ነበረች?» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው መለሰ፤ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ፣ ቡናማ፣ ዘበኛው ፍርፋሪ የሚያመጣላት። ልክ ነው። የፍሬሽማኑን የሒሳብ መምህር ጠየቅኩት። ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ እንደሚከት፣ ኮቱ ሁልጊዜ ነጭ እንደነበር ነገረኝ። ይህም ልክ ነው። ከዚያ ሁላችንም የማንረሳውን ጠየቅኩት፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ግቢው ውሃ ሲያጣ ጀሪካን ይዘን የት ነበር የምንሄደው? አነበበው። ማንበቡን አየሁ። አልመለሰም። ስለ አራተኛ ዓመት የምርቃት ግብዣ ጠየቅኩት። ያንንም አነበበና ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ አላመንኩትም። ስለ እኛ አንዱን ነገር እስከ ውሻዋ ጆሮ የሚያውቅ፣ ሌላውን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ከአንዱ ሰምቶ ያጠና እንጂ የኖረ አይደለም አልኩ። ለዶርም ጓደኛዬ ልነግራት ሳስብ ደግሞ እሷን ራሷን ጠረጠርኳት። የግራ እጄን ነገር ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?

ይህ በሆነ በወሩ ግድም ሰውዬው ግሩፑ ላይ «ለምን እዚያው መቐለ አንገናኝም?» ብሎ ጻፈ። ብዙዎቹ «በጣም አሪፍ ሐሳብ ነው» አሉና ጠፉ። የቆረጡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የዶርም ጓደኛዬ፣ ለንግድ ወደ መቐለ መምጣቱ ያልቀረው የጅማው፣ እና እሱ። ቦታውን እኔ እንድመርጥ ተባልኩ። ቤቴ ብዬ መጥራት ነበረብኝ፤ የእኛ ወግ እንደዚያ ነው። ባለቤቴ ግን «ጓደኛሽ ትምጣ፣ የጅማውም ይምጣ፤ እሱ ግን ይህን ደጃፍ አይረግጥም» አለ። እኔም ልቤ እንደሱ ነበር። ዓዲ ሓቂ፣ ግቢው አጠገብ፣ በምሳ ሰዓት ተማሪ የሚሞላው፣ በረንዳው ወደ መንገድ የሆነ ምግብ ቤት መረጥኩ። ሰው የሚበዛበት ቦታ ነው የፈለግኩት።

ጓደኛዬን ለመቀበል አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ከበሩ ስትወጣ አላወቀችኝም። አጠገቤ አልፋ ሄደችና ስጠራት ዞረች። ፊቴን አየች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ሻንጣዋ አደረገች። ከስቻለሁ፤ ፀጉሬም ነጭ ሆኗል፤ ዐውቃለሁ። ተቃቀፍን። ከኲሓ ወደ ከተማ ስንመጣ በባጃጁ ውስጥ ስለ አየሩ፣ ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ልጆቿ አወራችልኝ። በመጨረሻ እኔው ጠየቅኳት።

«ስልክ ሲከፈት ለምን አልደወልሽም?»

ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ ሁለታችንም ተናጥን።

«ተዘግቶ እያለ እደውል ነበር» አለች። «እንደማይሠራ እያወቅኩ። ሲከፈት ግን ፈራሁ። ሌላ ሰው አንስቶ 'እሷማ…' ቢለኝስ ብዬ። ዛሬ ነገ ስል ቆየ፤ ከቆየ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።»

«በሕይወት መኖሬን በማን ሰማሽ?»

«ፌስቡክ ላይ የተማሪዎችሽ ፎቶ ውስጥ አየሁሽ። በየጊዜው እየገባሁ አይሽ ነበር።»

አመንኳት ልበል? ፎቶዬን ስታይ የኖረች ሰው እንዴት አጠገቤ አልፋኝ ሄደች? ግማሹን አመንኩ። እጇን ይዤ ነበርና አልለቀቅኩትም። ግማሹ ግን እስከ ምግብ ቤቱ ድረስ አብሮኝ መጣ።

የጅማው ቀድሞን ደርሶ ጥግ ይዟል። ሲያየን ተነስቶ እንደ ድሮው መቀለድ ፈለገ፤ ቀልዱ ግን አልመጣለትም፤ እኔን አቅፎ ወንበር ሳበልን። ገና ሳንቀመጥ አንድ ረጅም፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰው በረንዳው ላይ ወጣ። ፈገግ ብሎ እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠራ እጁን ዘረጋ። ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ ፈለግኩት። ምንም የለም። ጓደኛዬን አየኋት፤ እሷም እኔን እያየች ነው። የጅማው «ምንም አልተለወጥክም!» አለው። መዋሸቱ ከድምፁ ያስታውቃል።

ጥሕሎ አዘዝኩ። አንድ ትልቅ ሳህን መጣና ሁላችንም የገብሱን ድብልብል በእንጨት እየወጋን ወጡ ውስጥ እንነክር ጀመር። ሰውዬው ትንሽ ይበላል፤ ብዙ ይጠይቃል። አሁን ተማሪው የት ነው የሚከራየው? ሴት ልጅ ብቻዋን ከግቢ ወጥታ ብትመለስ ችግር አለ? ሆስፒታሉ ይሠራል? እኔ በእያንዳንዱ ጥያቄ እየተመረመርኩ የምሄድ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ እንጨቱን አስቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «የተመረቅን ቀን ጋዎን ለብሰን ስንሰለፍ አንተ ከማን አጠገብ ነበርክ?»

የጅማው በእግሩ ነካኝ፤ ተይ እንደማለት። አልተውኩም።

«እኔ አላስታውስህም። እሷም አታስታውስህም፤ እሱም አያስታውስህም። ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ማን ነህ?»

ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉ ተማሪዎች ዞር ብለው አዩን። ሰውዬው እጁን በሶፍት ጠረገ፤ ረጅም ጊዜ ጠረገ።

«ከማንም አጠገብ አልነበርኩም» አለ። «አልተመረቅኩም። አንደኛ ዓመት ላይ ተባርሬያለሁ።»

የጅማው እንጨቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«ውጤት የተለጠፈ ቀን እናንተ እየተቃቀፋችሁ ስትጮኹ እኔ ከኋላችሁ ነበርኩ። ዕቃዬን ይዤ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ያወቀኝም የፈለገኝም አልነበረም። አልፈርድባችሁም፤ አማርኛዬ ይሰበር ስለነበር አላወራም ነበር። ወደ ቤተሰቦቼ ዲላ ተመለስኩ፤ ከዚያ ሐዋሳ ገባሁ። አሁን የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። አንድ ቀን የክፍላችን ልጅ ሱቄ ለፍሬን ሸራ መጣ። ስሙን ስጠራው አላወቀኝም፤ ግን ያወቀኝ መስሎ አቀፈኝ። የእናንተን ቁጥር የሰጠኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከንም?» አልኩት። ንዴቴ ገና አልወረደም።

«ብነግራችሁ ማን ያስገባኝ ነበር? ግሩፑን እኔው ስለከፈትኩት ነው የገባሁት።»

ጓደኛዬ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን አላለቅስም አልኩ። ሰው ለማልቀስ ብቻ ከሐዋሳ መቐለ ድረስ አይመጣም። «ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት።

ያኔ ተናገረ። የመጀመሪያ ሴት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት፣ ምደባው መቐለ ወጥቷል። እናቷ ያንን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እሱ እዚህ አንድም ሰው የለውም፤ እኛን ካልቆጠረ። «ብትታመም የምትጠራው፣ በዓል ሲሆን በር የሚከፍትላት ሰው ፈልጌ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ «አንቺን ያሰብኩበት ምክንያት አለኝ። በመጣሁ ሳምንት ብርድ ልብስ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ከሻጯ ጋር መግባባት ሲያቅተኝ፣ ከየት እንደመጣሽ እንጃ፣ አንቺ በትግርኛ ተናግረሽ አስጨረስሽልኝ። ታስታውሺያለሽ ብዬ አልጠብቅም።»

አላስታውስም ነበር። አሁንም አላስታውስም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ድምፁን ቀንሶ፤ «ልጄ እዚህ የተመረቅኩ ነው የሚመስላት። እባካችሁ።»

የጅማውና ጓደኛዬ እሺ አሉ። እኔ እሺም እምቢም አላልኩም። ስልኬን ትያዝ አልኩት፤ ቤቴን ግን አልነገርኩትም። ደግነቱ ሁሉ ለዚህ የተዘጋጀ ነበር እያልኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ታሪኩን ከሰማ በኋላ፣ «ልጅቷስ ምን አጠፋች?» አለ።

ልጅቷ ግቢ ገብታ ከሰነበተች በኋላ አንድ እሑድ ደወለች። ቃላቷን እየመረጠች ነው የምታወራው። ነይ አልኳት፤ ጠፍታ እንዳትቸገርም ባለቤቴ ግቢው በር ድረስ ሄዶ አመጣት። አባቷን የምትመስለው በቁመቷ ነው። ብርቱካን በፌስታል ይዛ መጣች፤ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች። እኔ ምሳ እያቀረብኩ እንኳ አያት ነበር። ቤቱን ተመልከቺና ንገሪኝ ብሎ ልኳት ይሆን? እሷ ግን የምታየው ቤቱን ሳይሆን እኔን ነው። ከምሳ በኋላ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አባቴ እንዴት ያለ ተማሪ ነበር?»

ባለቤቴ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

«ለምን ጠየቅሽኝ?» አልኳት።

«የምርቃት ፎቶ ቤታችን የለም። ስጠይቀው ጠፋ ይለኛል። እናቴም አላየችውም። ግን ሁልጊዜ 'እኔ በአንቺ ዕድሜ' እያለ ስለ ግቢው ያወራኛል። እርስዎ አብረውት ተመርቀዋል አይደል?»

ልዋሻት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። እኔ ራሴ ያን ሁሉ ወር በጥርጣሬ ተብሰልስያለሁ፤ ሰው በዚያ ዓይነት ዓይን አባቱን ሲያይ ማየት ደስ አይልም። እውነቱን መናገር ደግሞ የእኔ ድርሻ አይደለም። «እሱን ደውለሽ ጠይቂው» አልኳት። «እኔ የምነግርሽ፣ ክፍላችንን የሰበሰበልን እሱ መሆኑን ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። አመስግና ሄደች። ወዲያው ለአባቷ ደወልኩለት።

«ትጠይቅሃለች» አልኩት። «ንገራት። በሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው።»

«እሺ አላልሽም ነበር እንዴ?»

«አላልኩም። ደህና አድርገህ አስታውስ፤ ዝም ነው ያልኩት።»

ስልኩ ውስጥ የሱቁ ጫጫታ፣ የብረት መጋጨት ይሰማል። «አንቺ እኮ አላመንሽኝም ነበር፤ እሷም እንደዚያ ታየኛለች» አለ። «እኔን አይተህ በእሷ አትፍረድ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ጠፋች። እሑድ መጣ ሄደ፤ ሌላውም። ብደውል አታነሳም። የማያገባኝ ገብቼ ቤት አፈረስኩ ብዬ ተጨነቅኩ። ለጓደኛዬም እየደወልኩ አወራሁላት፤ በዚህ ሰበብ እኔና እሷ በየቀኑ መደዋወል ጀመርን። ወደ ግቢው ልሄድ ባሰብኩበት ሳምንት ልጅቷ ራሷ መጣች። ከበር ሳትገባ ማልቀስ ጀመረች፤ ይዣት ገባሁ።

«ነገረኝ» አለች።

«ተናደድሽበት?»

አይ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከቦርሳዋ ሶፍት ስትፈልግ ቆየችና፣ «እኔ እኮ የሒሳብ ሚድ ወድቄያለሁ» አለች። «ከገባሁ ጀምሮ አልገባኝ ብሏል። ለእሱ መንገር ፈራሁ። እሱ እዚሁ ተመርቆ እኔ አቃተኝ ማለት… የት እገባለሁ ብዬ። ትምህርቴን ጥዬ ልጠፋ ሁሉ አስቤ ነበር።»

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አባቷ ዕቃውን ይዞ አውቶቡስ ተራ ሲሄድ ለማን ነግሮ እንደሄደ አሰብኩ። ለማንም። እኛ እየተቃቀፍን ነበር።

«ደብተርሽን ይዘሻል?» አልኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ኢኮኖሚክስ ስለማስተምር ሒሳቡን ጨርሼ አልረሳሁትም፤ እኔ ያቃተኝን ባለቤቴ ይሞክረዋል። አንዳንዴ ሁለት የዶርም ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች፤ አንዷ ከወሎ፣ አንዷ ከዓድዋ። ሲስቁ ጎረቤት ይሰማል። እኔን አክስቴ ማለት ጀምራለች። አባቷን ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ ዐውቀዋለሁ አልልም። ሲደውል በመጀመሪያ የሚመጣልኝ ምን ሊጠይቅ ነው የሚለው ሐሳብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ግን ጤናዬን ነው።

የመጨረሻው ፈተና ውጤት የወጣ ዕለት ልጅቷ እኔ ቤት ሆና ደወለችለት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። የሒሳብ ውጤቷን ሳትደብቅ ነገረችው፤ ለጥቂት ያለፈችው ውጤት ነው። እኔም ባለቤቴም ስልኩን እያየን ነው።

«ከእኔማ ይሻላል» አለ በመጨረሻ።

ልጅቷ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ስልኩን እያንቀጠቀጠው ባለቤቴ እንዳይወድቅ በእጁ ያዘው።